ዘምዘም የጠበቀችኝ ስድስት ሰዓት

ከካይሮ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ደሴ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «እስቲ የግብፅን ነገር አጫውተን» ይለኛል። ፒራሚዱን አየኸው ወይ ይሉኛል። አይቼዋለሁ፣ ከማይክሮባስ መስኮት፣ ያውም ግማሹን፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው ሰፊ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያነብ ሰው ብዙ አገር አያለሁ ብሎ እንዳይጓጓ። የሄድኩት ለሁለት ጉዳይ ነው፤ አንዱን አሳምሬ ሠርቼ፣ ሌላውን አበላሽቼ መጣሁ። ያሳመርኩት የራሴን ነው፤ የተበላሸው የሰው ነው።

የራሴ ጉዳይ ይህ ነበር። ሠላሳ ዓመት አማርኛና ዐረብኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አጀሚ አነባለሁ። አጀሚ የምንለው የወሎ ሸኾች አማርኛቸውን በዐረብ ፊደል የጻፉበትን ጽሑፍ ነው። ካይሮ ውስጥ፣ ዛማሌክ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ በአንድ ሟች ምሁር ቤት በአጀሚ የተጻፈ የመንዙማ ጥራዝ እንዳለ ሰማሁና አንዲት ቀን እንዳየው ተፈቀደልኝ።

የሰው ጉዳይ ደግሞ ይህ ነው። ታላቅ እህቴ ሉባባ ከሞተች ሰባት ሳምንት ሆኗት ነበር። ልጇ ዘምዘም ከካይሮ ወጣ ብሎ ሸይኽ ዛይድ በሚባል ከተማ፣ በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ የሰው ቤት ትሠራለች። የእናቷን መሞት አታውቅም። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ሰው በባዕድ አገር፣ በሰው ወጥ ቤት ብቻውን ቆሞ፣ እናትህ ሞተች አይባልም። ዘመድ ይሄዳል፣ የአገር ሰው ይሰበሰባል፣ አስቀምጠው ይነግሩታል፣ አብረውት ያለቅሳሉ። እስከዚያው «እናትሽ ገጠር አክስትሽ ዘንድ ናት፣ ኔትወርክ የለም» እየተባለች ሰባት እሑድ አሳለፍናት። ግብፅ መሄዴ ሲሰማ ቤተሰቡ ሁሉ «በል እንግዲህ፣ አንተው ንገራት» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሐሙስ

በረራዬ ከአዲስ አበባ ነበር። ዘመዶቼ «ቀድመህ ድረስ» ብለው ስላስፈራሩኝ አራት ሰዓት ቀድሜ አየር ማረፊያ ተገኘሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አላልቅ አለኝ። ጣሪያውን አየሁ፣ የሰው ሻንጣ አየሁ፣ ሽንት ቤት ሳያምረኝ ሁለቴ ሄድኩ። በኋላ የዚያው መንዙማ የአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝና አወጣሁት።

አጀሚ ማንበብ እንዲህ ነው። የዐረብ ፊደል ለጨ፣ ለኘ፣ ለጰ ቦታ የለውም፤ ጸሐፊው ነጥብ እየጨመረ ከራሱ ይፈጥራል፣ ሲደክመው ደግሞ ይተወዋል። አንዱ ቃል አምስት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። አንባቢው አምስቱንም ተሸክሞ እስከ ስንኙ መጨረሻ ይሄድና ተመልሶ አራቱን ይጥላል። እዚህ ሥራ ውስጥ የገባ ጭንቅላት ለሌላ ነገር ቦታ የለውም። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ሦስት ስንኝ ብቻ ነበር የሄድኩት። «አባቴ፣ እርስዎን እኮ ነው በድምፅ ማጉያ የምንጠራው! አውሮፕላኑ እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቀው» አለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ እየገላመጠኝ ገባሁ። እውነቱን ልናገርና በዚያን ጊዜ አላፈርኩም፤ እንዲያውም ኮራሁ። ይህን ያህል ማተኮር የሚችል ሰው ስንት አለ ብዬ።

ካይሮ የተቀበለኝ አብሮ አደጌ ሸኽ ይመር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ኖሯል፣ ለተማሪዎች ኪታብ ያቀራል፣ ከባለቤቱ ከረውዳ ጋር ፋይሰል በሚባል ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አሳንሰሩ አይሠራም። በየፎቁ ቆሜ ስተነፍስ «ጦሳን የወጣህ ሰው አይደለህ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። ጦሳ ተራራ ነው፣ ነፋስ አለው፤ የፋይሰል ደረጃ ያለው የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ነው አልኩት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ብቻዬን ልዙር ብዬ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ዐረብኛ ያስተማርኩ ሰው ማን መንገድ ሊመራኝ! ፋይሰል አንድ ረጅም መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ሰው፣ ከሰው በላይ የተሰጣ ልብስ። የደሴን ፒያሳ አሥር ጊዜ ቀጣጥላችሁ ሕዝቡን አምስት እጥፍ አድርጉት። ማይክሮባስ ለመያዝ እንደ አገሬ እጄን አወዛወዝኩ። ለካ እዚያ የምትሄድበትን አቅጣጫ በጣት ምልክት ነው የምትነግረው፤ የኔ ውዝወዛ ምን እንዳለ አላህ ይወቅ፣ ጭኖኝ ወደማላውቀው ሄደ። ግማሽ ፒራሚዴን ያየሁት ያኔ ነው።

ወርጄ መንገድ ስጠይቅ በመጽሐፍ ዐረብኛ ነው የጠየቅሁት፤ ሰዎቹ ከቁርአን የወጣሁ ይመስል አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። እኔም መልሳቸውን ለመያዝ እያንዳንዷን ቃል ስታገል ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ አንድ ፉል ሻጭ ጋሪውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ፣ ሩብ ሰዓት አብሮኝ ሄዶ ትክክለኛው ማይክሮባስ ላይ አሳፈረኝ። ለሾፌሩም «ይህ ሰው እንግዳ ነው፣ አደራ» ያለው መሰለኝ። ላመሰግነው ስሞክር «ማሌሽ፣ ማሌሽ»፣ ግድ የለም፣ እያለ ሄደ።

ቤት ስገባ አንድ ሳምንት የቆየሁ ነበር የመሰለኝ። ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ይህ ነገር ከነከነኝና ራት ላይ ለሸኽ ይመር አነሳሁት። «ትናንት አየር ማረፊያ ጭንቅላቴ ሲሠራ ሦስት ሰዓት በኖ ጠፋ። ዛሬም ጭንቅላቴ ሲሠራ ውሎ ሦስት ሰዓት አንድ ሳምንት ሆነብኝ። አንዱ ሥራ ጊዜ ያሳጥራል፣ ሌላው ያስረዝማል፤ ምንድን ነው ነገሩ?»

ሸኽ ይመር እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። «ትናንት ራስህን ረስተህ ነው የሠራኸው» አለ። «ዛሬ ግን እንዳይሳቅብህ ራስህን ስትጠብቅ ዋልክ። ራሱን የሚጠብቅ ሰው ቀኑ አይመሽለትም።»

«ታዲያ ራስን መርሳት ነዋ ጥሩው!»

«ራስን መርሳቱስ ጥሩ ነበር፤ ሰውም አብሮ ይረሳል እንጂ።»

ሳቅን። ረውዳ የእሑዱን ነገር አነሳች። የዘምዘም አጋዛ፣ ማለት የዕረፍት ቀኗ፣ እሑድ ነው፤ ያውም በሁለት ሳምንት አንዴ። ረፋድ አራት ሰዓት ትመጣለች፣ አሥራ አንድ ላይ ተነሥታ ትመለሳለች። ረውዳ ካይሮ ካሉት የወሎ ሰዎች ሰባቱን ለምና አስፈቅዳለች፤ አብዛኞቹ እንደ ዘምዘም ቤት የሚሠሩ ናቸው፣ ለዚያ ቀን ከሌላ ዕረፍታቸው ለውጠው ነው የሚመጡት። «ሰባት ሰዓት ሙሉ ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅስላታለን» አለች ረውዳ። «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገኝ ሰው የለም ኡስታዝ። ማዳሞቹ ለልቅሶ አይፈቅዱም።»

ቅዳሜ

ዛማሌክ ዓባይ መሀል ያለች ደሴት ናት። የኛው ውኃ እዚያ ደርሶ ጨዋ ሆኗል፣ ድምፅ የለውም። ቤቱን የሚጠብቁት ሐምዲ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ፣ እስክሪብቶዬንም ወሰዱና እርሳስ ሰጡኝ፤ የቤቱ ደንብ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰዓት የለም። ጥራዙን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን አስቀመጡልኝ።

ስለዚያ ቀን የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ቀን አልነበረውም። ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ሐምዲ «ኸላስ ያ ኡስታዝ፣ ልዘጋ ነው» አሉኝ። በመሀሉ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አምጥተውልኝ ሁለቱም በርደው ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል። አሥራ አንድ ገጽ ገልብጫለሁ። አንድ ስንኝ ግን እምቢ አለኝ፤ እርጥበት ከመሀሉ በልቶታል። ፊቴ ላይ ያዩትን እንጃ፣ ሐምዲ አዘኑልኝ። «ነገ እሑድ ነው፣ ቤተሰቡ የለም፣ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመጣህ እከፍትልሃለሁ» አሉኝ። ስለ ሌላ አገር ሰው ሲሉ የዕረፍት ቀናቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው። ቸርነታቸው በኔ እጅ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

እሑድ

ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ ሸኽ ይመር ደጃፍ ላይ ያዘኝ። «ዛሬ ትሄዳለህ?»

«አንድ ስንኝ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ እነሣለሁ፣ ከልጅቷ በፊት እዚህ ነኝ።»

«የቁራ መልእክተኛ እንዳትሆን» አለኝ። ሳቅሁበት።

ስንኟ ተፈታች። ስትፈታ ሌላዋን ይዛ መጣች፤ ቀደም ሲል አውቄዋለሁ ያልኩት ቃል አሁን ሌላ ሆነ፣ ትናንት የገለበጥኩትም ገጽ መታረም ነበረበት። «አልሰማሁም» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰምቻለሁ። የዙሁር አዛን፣ የቀትሩ ጥሪ፣ ተሰማኝ። ራሴን «አሁን እነሣለሁ» አልኩትና ራሴም አመነኝ። የዐስሩም አዛን፣ የከሰዓቱ ጥሪ፣ ተሰማኝ። ያኔ እርሳሱን አስቀመጥኩ፣ ከዚያ መልሼ አነሣሁት። ሲረፍድብኝ ደግሞ የሚጠብቀኝን ነገር ይበልጥ ፈራሁት፤ በፈራሁ ቁጥር ወደ ገጹ አቀረቀርኩ። ይህ ማተኮር አይደለም። ስሙን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ፋይሰል ስደርስ አምስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በሩን ረውዳ ከፈተችልኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከሰባቱ ሰው ሦስት ቀርተዋል፤ አራቱ ግን ቀጣሪዎቻቸው እየደወሉ ጠርተዋቸው ሄደዋል። ዘምዘም ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነሥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ ዛሬ በቁመት ከኔ ትበልጣለች።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በግብፆቹ አቆጣጠር ልክ አራት ይላል። በኛ አሥር ማለት ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ሁሉም እየሰሙኝ፣ «አራት ሰዓት ስትሉኝ በነሱ አቆጣጠር መስሎኝ እኮ ነው!» አልኩ።

ረውዳ ደረቷን መታች። «ውይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! በሐበሻ ብዬ መንገር ነበረብኝ። አፉ ይበሉኝ ኡስታዝ» አለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እነሣለሁ ያልኩት ሸኽ ይመር ፊት ነው፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ መቁጠሪያውን ያያል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔው ደግሞ ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ ያልኩት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ተቀመጥኩና ነገርኳት። እንዴት ብዬ እንደምጀምር በአውሮፕላን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ፤ «ዘምዘም፣ እናትሽ ወደ አላህ ሄዳለች» ብቻ አልኩ። የወጣው ጩኸት እንኳን ያን ክፍል፣ ፎቁን ሞላው። ጎረቤት ግብፃውያን ሴቶች ሳይጠሩ ገቡ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ፤ አንዷ ውኃ በስኳር በጥብጣ አጠጣቻት። አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘምዘም ራሷ ተነሣች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማ ታጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች። ረውዳ «ትንሽ ቆይ» ስትላት «ማዳም እንግዳ አለባት» አለች። ሰባት ሰዓት የተለመነላት ልቅሶ አንድ ሰዓት ሆኖ አለቀ።

ሰኞ

ሸኽ ይመር ቁርስ ላይ አላነሳብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔው «ሸይኽ ዛይድ እንዴት ነው የሚኬደው?» ስለው ማይክሮባሱን አሳየኝ፣ የጣት ምልክቱንም አስተማረኝ።

ግቢው በር ላይ ዘበኛው አላስገባም አለ። ለዘምዘም ስልክ ደወልኩ። ዳቦ ልግዛ ብላ ለአሥር ደቂቃ አስፈቅዳ ወጣች፤ የወጥ ቤት ሽርጥ ታጥቃለች። ገና ከሩቅ «አጎቴ፣ ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም። ትናንት ዋሽቼሽ ነው። ሰዓቱ አልተምታታብኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ሸኽ ይመር ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እጅህ በእርሳስ ጠቁሮ ነበር።» ወደ ጎን አየች። «የእማዬንም አውቄው ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እትዬ ረውዳ ‹ብይ፣ ብይ› አለችኝ። ሰው ገና ሳይቀመጥ ብላ የሚባለው መርዶ ሲኖረው ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ሰው፣ በአንድ ቀን አጋዛ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሠርግ አለ? ኸላስ፣ ገባኝ።»

«ታዲያ ስድስት ሰዓት ሙሉ እያወቅሽ እንዴት ቻልሽው?»

«ካልተነገረኝ አላለቅስ፣ ምን ላድርግ? እማዬ የምትሞተው አንተ ስትመጣ ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንተ እንዳትሆን ዱዓ አደርጋለሁ።» ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። «ወላሂ አጎቴ፣ ፈጥነህ ነው የመጣህብኝ።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያ ስድስት ሰዓት እንዴት እንደተጎተተባት ሳስብ ነው ያደርኩት። ስለ ጊዜ አውቃለሁ ያልኩትን ሁሉ አፈረሰችው። ወይም ልታጽናናኝ ብላ ዋሽታኛለች፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አለቀስኩ። መንገድ ዳር፣ ዘበኛ እያየኝ፣ «እኔ የተረገምኩ ነኝ፣ እኔ ለሰው የማልሆን ነኝ» እያልኩ ተንሰቀሰቅሁ። እሷ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። «አብሽር አጎቴ፣ አብሽር» አለችኝ። ስለ መንዙማው ነገርኳት፣ ስለ ስንኟ ነገርኳት፣ ስለ ሁለቱ አዛን ነገርኳት። ሰማችኝ።

ስልኳ ጮኸ። «ማዳም ናት» አለች፣ አላነሳችውም። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«አጎቴ፣ እማዬ መጨረሻዋ ላይ ማን ነበር አጠገቧ? የተናገረችው ነገር ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ማሌሽ፣ በኋላ በስልክ ንገረኝ» ብላ ዳቦውን ሳትገዛ እየሮጠች ገባች። አሥሩ ደቂቃ አልቋል። ሁሉንም የበላሁት እኔ ነኝ፤ ስለ እናቷ አንዲት ቃል አልነገርኳትም።

ማክሰኞ

ረውዳ ለመንገድ ዓይሽ በአይብ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ክብና ጠፍጣፋ የነሱ ዳቦ ነው፣ ከኛው ድፎ ግን አይደርስም። እንደገና ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሰዓቱ። ዛሬም ጥፋቱ የሷ ይመስላታል። ልነግራት በሩ ላይ ቆምኩና ሸኽ ይመር ሻንጣዬን አንሥቶ ወረደ፤ ተከተልኩት። ተሰናብተን ስንሳሳም «ለልጅቷ ደውልላት» ብቻ አለኝ።

አየር ማረፊያው ውስጥ ገለል ያለ ወንበር ፈልጌ ለዘምዘም ድምፅ ቀዳሁላት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በአራተኛው «እናትሽ በሰላም ነው የሄደችው፣ አጠገቧ እኔ ነበርኩ፣ ስምሽን ጠርታ ነው የሄደችው» አልኳት። ከሰዓታት በኋላ መለሰችልኝ። ልብስ እየተኮሰች እንደሰማችው፣ አምስት ጊዜ እንደደጋገመችው፣ አላህ ጀዛህን ይክፈልህ ብላ።

አጠገቧ መሆኔ እውነት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቤተሰቡ አደራ ብሎኝ ለጉዳይ ወጥቷል፣ እህቴ ተኝታለች፣ እኔ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ፎቶ ኮፒው ጭኔ ላይ። ስንኙን ጨርሼ ቀና ስል ሉባባ የለችም። እጇ ወደኔ ተዘርግቶ ነበር። ልጇን ጠርታ ይሆናል፣ እኔን ጠርታ ይሆናል። አልሰማሁም፤ እያነበብኩ ነበር።